ከበሮው ልክ ነበር

በእኛ አገር አንድ ነገር ሲበላሽ ምክንያቱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ስልኩ ሲቋረጥ «ኔትወርክ ነው» ይባላል፤ ባንክ ቤት ሰልፉ ሲቆም «ሲስተም የለም»፤ ውኃው ሲጠፋ «መብራት ስለሌለ ነው»። መልሱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ክፋቱም እዚያው ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ እውነት የሆነን መልስ፣ እውነት ባልሆነበት ቀን እንኳ የሚመረምረው አይገኝም። ይህን የምጽፈው ስለ አንድ የሚንተባተብ ምስል ነው። ግጥምና ወግ ፈልጎ ወደዚህ ገጽ የመጣ አንባቢ የኮምፒውተር ነገር ሲነገረው ቅር ቢለው አልፈርድበትም። ነገሩ ግን የአንድ ሰው ስም የተነሣበት ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

አጎቴ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ጉልበታቸው እምቢ ካላቸው ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ከተራን ለማየት እስከ ፋሲል መዋኛ መውረድ ከቀረባቸው በኋላ ጥምቀትን የሚያከብሩት ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር የበዓሉን ሥርጭት ከሪሲቨሩ ላይ በፍላሽ ቀዳሁላቸው። በዚያ ወቅት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ሌላ መንገድም አልነበረኝ። የተቀዳውን በሪሲቨሩ ማየት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የኔታ አንዱን ወረብ አሥር ጊዜ ወደ ኋላ ካላስመለሱ አይረኩም፤ ሪሲቨሩ ደግሞ እንዲህ ያለውን ምልልስ አይወድም። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ ባያያዝኩት አሮጌ ኮምፒውተር ከፈትኩላቸው።

ምስሉ የጠራ ነበር። የጥላዎቹ ዘርፍ፣ የካባው ጥልፍ፣ ከውኃው ዳር የቆሙት የዋርካዎቹ ሥሮች ሳይቀሩ ይታዩ ነበር። በመዘምራኑ መካከል ከየኔታ እጅ የወጣ አንድ መሪጌታ ነበር፤ ካሜራው እሱ ላይ ሲቆም አጎቴ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ጥቂት አዩ። ከዚያም፦

«ከበሮው ልክ ነው» አሉ። «ልጁ ግን ዘግይቷል። እጁ ኋላ ቀርቷል።»

እንደገና አስመለሱኝ። እንደገና አዩ። «ምን ነካው? እኔ እንዲህ አድርጌ አላስተማርኩትም።»

ይህ ቃል በእኛ ቤት ከባድ ቃል ነው። ጎንደር በአቋቋም የምትታወቅ ከተማ ናት። የበአታ ለማርያም የአቋቋም ጉባኤ ቤት ከሩቅ አገር ሊቃውንት ሳይቀሩ ሊመሰክሩ የሚመጡበት ነው። በዚያ ሥርዓት ውስጥ የእጅ መዘግየት ትንሽ ነገር አይደለም። ዝማሜው፣ ቁሙ፣ መረግዱ፣ ጽፋቱ እያንዳንዱ የራሱ እርጋታና የራሱ ፍጥነት አለው፤ ጽናጽልና ከበሮ የሚገናኙበት ቦታም የታወቀ ነው። ዜማው ምልክት ተበጅቶለት በብራና ላይ ሰፍሯል፤ የሰውነቱ እንቅስቃሴ ግን በአብዛኛው ከመምህር አካል ወደ ተማሪ አካል ነው የሚሻገረው። እ.ኤ.አ. በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ፣ በ1888 ደግሞ ደርቡሾች አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያነዱ፣ መጻሕፍቱ ሄዱ፤ አቋቋሙ ግን በሕይወት የተረፉት ሰዎች ጉልበትና ትከሻ ላይ ስለነበረ ተረፈ። «አላስተማርኩትም» የሚል መምህር እንግዲህ ከዚህ ሐረግ አንድ ቅጠል መበጠሱ ነው።

እኔ አቋቋም አላውቅም። ነገር ግን ምስሉን ሳየው አንድ ነገር ከነከነኝ። የዘገየው መሪጌታው ብቻ አልነበረም፤ ከኋላው የቆመው ሕፃን ሲያጨበጭብ እጁ በአየር ላይ ለቅጽበት ቆሞ ይዘል ነበር፤ ከላይ የሚንሳፈፈው የባንዲራ ጨርቅም ይንተባተብ ነበር። ጨርቅ አቋቋም ሊሳሳት አይችልም። ይህን ለየኔታ ብነግራቸው ፈገግ ብለው «ተማሪዬን ልታድንልኝ ነው?» አሉኝ። አላመኑኝም። ጆሯቸው በዕድሜ ብዛት የጽናጽሉን ቀጭን ድምፅ መለየት ትቷል፤ ወፍራሙ ከበሮ ግን ይሰማቸዋል። ስለዚህ የሚፈርዱት በከበሮው ድምፅና በዐይናቸው ነበር። ዐይናቸው ደግሞ በእኔ ኮምፒውተር በኩል ነበር የሚያየው።

ወዳጆቼን ጠየቅሁ። የመጀመሪያው «ኔትወርክ ነው» አለኝ። ፋይሉ ፍላሽ ላይ ነው ያለው፣ ኢንተርኔትም ከጠፋ ወራት አልፎታል ብለው፣ «ቢሆንም» አለኝ! ሁለተኛው «ቫይረስ» አለ። አንድ የጥገና ባለሙያ ደግሞ ሽፋኑን እንኳ ሳይከፍት ራም እንድጨምር መከረኝ፤ ጨመርኩ፤ ገንዘቤ ቀነሰ፤ መቆራረጡ እንደ ነበረ ቀረ። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ምስሉን ለአንድ ደቂቃ ቁጭ ብለው አለማየታቸው ነው። የበሽተኛውን እጅ ሳይዝ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ምን ይባላል?

ከዚያ በኋላ በራሴ መንገድ ሄድኩ። መጀመሪያ ማወቅ የነበረብኝ ጥፋቱ የቅጂው ነው ወይስ የማሽኑ የሚለውን ነበር። ፍላሹን ወስጄ ፋይሉን በጎረቤቴ ልጅ ስልክ ላይ አስከፈትኩ። እንደ ውኃ ፈሰሰ። የመሪጌታው እጅ ያለ አንዳች እንቅፋት ወረደ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ወደ የኔታ ሮጬ ስልኩን ላሳያቸው ቃጣኝ፤ ግን የዘንባባ ስፋት ባላት መስታወት ላይ የሰባ ዓመት ዐይን ምን ይለያል? ቢያንስ ግን ፋይሉ ንጹሕ መሆኑን አወቅሁ።

አንድ ስልክ ያለ ችግር የሚያሳየውን፣ ከእሱ አሥር እጥፍ የሚገዝፍ ኮምፒውተር ለምን ያቅተዋል? መልሱ ውብ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። የድሮው የቴሌቪዥን ሥዕል በዲጂታል ሲለካ 720 በ576 ነጥብ፣ ማለትም 414,720 ነጥብ ነው። የዛሬው ባለ ከፍተኛ ጥራት ሥዕል 1920 በ1080፣ ማለትም 2,073,600 ነጥብ፤ ልክ አምስት እጥፍ። በሰከንድ 25 ሥዕል ሲሆን ከ51 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይመጣል። ይህን ሁሉ እንዳለ መላክ ስለማይቻል ይታመቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች 264 የተባለው አሠራር ሙሉውን ሥዕል የሚልከው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ በመሀል ያሉት «ከዚያኛው ይኼ ተነሥቷል፣ ይኼ ወደዚህ ተዛውሯል» የሚሉ ማስታወሻዎች ናቸው። ተቀባዩ ማስታወሻውን እየፈታ ሥዕሉን መልሶ ይገነባል። ቅኔ እንደ መፍታት ያለ ሥራ ነው፤ ፈቺው ግን በሰከንድ ሃያ አምስት ጊዜ ይፈታል፣ ለማሰብም ጊዜ የለውም።

ስልኩ ለዚህ ብቻ የተሠራ ትንሽ ወረዳ በሆዱ አለ። የእኔም ኮምፒውተር የግራፊክስ ካርዱ ላይ ይኸው ነበረው! ነገር ግን ዊንዶውሱ እንደገና ሲጫን የካርዱ ድራይቨር ሳይጫን ቀርቶ ኖሮ፣ ማሽኑ ወረዳው እንዳለው አያውቅም። ሥራውን ሁሉ ዋናው ፕሮሰሰር በጉልበቱ ይሠራ ነበር። ምስሉ እየሄደ መቆጣጠሪያውን ብከፍተው ፕሮሰሰሩ ከመቶ መቶ ላይ ተሰቅሏል። ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ውስጥ የጠፉ ሥዕሎችን የሚቆጥር ገጽ አለ፤ ቁጥሩ እንደ ታክሲ ሒሳብ ይሮጥ ነበር።

የኔታ «ከበሮው ልክ ነው» ያሉበት ምክንያትም እዚህ ላይ ተገለጠልኝ። ጆሮ ቅጽበታዊ መቋረጥን አይታገሥም፤ ዐይን ይታገሣል። ስለዚህ ማጫወቻው ድምፅን መሪ አድርጎ ምስልን ተከታይ ያደርገዋል። ድምፁ በሰዓቱ ይሄዳል፤ ተፈትቶ ያልደረሰ ሥዕል ይጣላል፣ የደረሰውም ዘግይቶ ይወጣል። ከበሮው እውነትም ልክ ነበር። የተጣለው እጁ ነው።

ድራይቨሩን ለማግኘት የመሥመር ኢንተርኔት ያለበት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወዳጄን አስቸገርኩ፤ በፍላሽ አመጣልኝ። ጫንኩት፣ ማጫወቻውም በወረዳው እንዲፈታ አዘዝኩት። ፕሮሰሰሩ ተነፈሰ። የጠፉት ሥዕሎች ቁጥር ዜሮ ላይ ቆመ። እልል ልል ነበር፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን መንተባተቡ ተመለሰ።

ይኼኛው የጎንደር በሽታ ነው፤ ማለቴ የከፍታችን። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሚያቀዘቅዝ ማራገቢያ ደግሞ ሙቀትን የሚወስደው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የሚወስደው ያንሳል። ዳባትን አልፎ ደባርቅ ለደረሰ ነገሩ ይብሳል። ሰዎች «የእኛ አገር ብርድ ነው፣ ማሽን አይግልም» ሲሉ እሰማለሁ፤ ብርዱ ይረዳል፣ ግን ሁሉን አይሸፍንም። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ያለው ቡና በሚፈላበት ሳሎን ነው። ሽፋኑን ስከፍተው ማራገቢያው ላይ የተለበጠው አቧራ ብቻ አልነበረም፤ የቡና ቁሌት ጢስና የዕጣን ጥላሸት ቅባት ሆኖ አቧራውን አጣብቆታል። ባለቤቴ ሽታውን አሽትታ «ይኼማ ቅድስት ሆኗል!» አለች። ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን የሚቀንስ ማሽን ነው፤ ሲቀንስ ሥዕል ይጥላል። በብሩሽ ጠረግሁት፣ የደረቀውን ፔስት ቀየርኩ፣ ጀበናውን ሁለት ክንድ አራቅነው።

አሁን ምንም የሚጠፋ ሥዕል የለም። ፕሮሰሰሩም አይግልም። የኔታን ጠራኋቸው። ተቀምጠው አዩ፤ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ተሻለ» አሉ በመጨረሻ። «ግን አሁንም ያነክሳል።»

እኔ ምንም አልታየኝም ነበር። ምስጋና ለሰባ ዓመት ዐይን! ማንከሱን እንድፈልግ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ቁጥሩ ሁሉ ደህና ነው በሚልበት ሰዓት ቁጥሩን አልተቀበሉም። ፍለጋው ሁለት ምሽት ወሰደ። ጥፋቱ የተገኘው ማንም በማይመለከተው ቦታ፣ ስክሪኑ ራሱን በሰከንድ ስንት ጊዜ ያድሳል በሚለው ቁጥር ላይ ነው።

የእኛ አገር የኤሌክትሪክ መሥመር 50 ሄርዝ ነው፤ የቴሌቪዥናችንም ሥርዓት ከአውሮፓውያኑ ጋር አንድ ሆኖ በሰከንድ 25 ሥዕል ነው የሚያሳየው፤ እያንዳንዱም ሥዕል በሁለት ግማሽ ተከፍሎ 50 ግማሽ ይሆናል። ኮምፒውተር ግን ማንም ካልነካው አብዛኛውን ጊዜ በ60 ነው የሚነሣው፤ 60 የአሜሪካ መሥመር ምት ነው። ሃያ አምስት ሥዕል በስልሳ እድሳት ላይ እኩል አይካፈልም። ለአንዱ ሁለት እድሳት ይደርሰዋል፣ ለሌላው ሦስት፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት እያለ። አንዱ ሥዕል ለ33 ሺኛ ሰከንድ፣ ቀጣዩ ለ50 ሺኛ ሰከንድ ይቆያል። ምንም አይጠፋም፤ ነገር ግን እኩል የነበረው እኩል አይደለም። ወጥ የነበረ ሽብሸባ ያነክሳል።

ለየኔታ ይህን በኮምፒውተር ቋንቋ አላስረዳኋቸውም። ጠረጴዛውን በጣቴ መታሁላቸው፤ በአንድ እጄ እኩል ምት፣ በሌላው ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት። ከጥገና ባለሙያው ቀድመው ገባቸው። «በአንድ ማኅበር ሁለት ዓይነት ከበሮ አይመታም» አሉ፤ «አንዱን አስወጣው።» ስልሳውን አስወጥቼ ሃምሳ አስገባሁ። ቴሌቪዥኑ ለቅጽበት ጠቁሮ ተመለሰ። ሁለቱን ግማሾች እያስማማ እንዲያወጣ የሚያደርገውንም ምርጫ አበራሁ፤ በፍጥነት የሚንቀሳቀስ መቋሚያ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቅ የነበረው በዚህ ቀረ።

እንግዲህ ወደ ሐሳቤ ልምጣ። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከገባ ወዲህ የሚቀርጸው ሰው በዝቷል። በዚህ ደስ ይለኛል፤ አቀራረጹንና አቀማመጡን ግን እቃወማለሁ። የወጣቶቻችን ስልክ ካልነኩት በሰከንድ 30 ሥዕል ይቀርጻል፤ በ50 ሄርዝ መብራት ሥር ሲሆን ምስሉ ይርገበገባል። ያንኑ ወስዶ ወደ 25 የሚለውጥ አርታኢ ከየስድስቱ ሥዕል አንዱን ይጥላል። ከዚያ ለቴሌግራም እንዲቀል ይታመቃል፣ የተቀበለው እንደገና አሳንሶ ለሌላ ይልከዋል፣ ዋናው «ቦታ ያዘ» ተብሎ ይጠፋል። አንድ ገልባጭ የቀደመው ገልባጭ የሳተውን ፊደል እየጨመረ ቢሄድ መጽሐፉ ምን እንደሚሆን እኛ እናውቃለን፤ ለዚህ ነው አባቶች ብራናው ተጽፎ ሲያበቃ አራሚ የሚያቆሙለት። ለምስሉ ግን አራሚ የለንም። ያለን «ኔትወርክ ነው» የሚል ምላስ ነው።

የሚቃወመኝ ሰው አለ፤ ቤተሰቤም ውስጥ አለ። አቋቋም ከመምህር እግር ሥር እንጂ ከስክሪን አይማሩትም ይለኛል። እውነት ነው፣ እኔም አልክደውም። ይሁንና ዛሬ ከጉባኤ ወጥቶ ወደ ማደሪያው የሚመለስ ተማሪ በስልኩ የትኛውን መረግድ እየደጋገመ እንደሚያይ ሁላችንም እናውቃለን። ምስሉ የቆመበት ቦታ ላይ የተማሪው እጅ ሲቆም፣ ያም «የእገሌ ወገን ስልት ነው» ተብሎ ሲከበር ከማየት ይሰውረኝ። የሚቀርጽ ሰው ስልኩን 25 ወይም 50 ላይ ቢያደርግ ምንም አያወጣም፤ ዋናውን ቅጂ ሳይነካ በአንድ ዲስክ ማስቀመጥም የአንድ ጥምቀት የሸንኮራ ወጪ አያህልም። ይህን ሳያደርጉ ስለ ቅርስ ጥበቃ የሚሰበሰቡትን ስብሰባ አላከብረውም።

የቀረው የመሪጌታው ነገር ነው። ሁሉ ተስተካክሎ ባለቀበት ምሽት የኔታ ያንን ወረብ አራት ጊዜ አዩ። መጀመሪያ «ዘግይቷል» ያሉበት ቦታ ሲደርስ እጃቸው ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ተነሥቶ ከመሪጌታው እጅ እኩል ወረደ። ምንም አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። በአራተኛው ግን ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ ከመረግዱ ወደ ጽፋቱ ሲሻገሩ፣ «አቁም» አሉኝ። መለስኩት። «እየው፣ እዚህ ቀደመ። ጥቂት ነው፤ ግን ቀድሟል።» መንተባተቡ ሸፍኖት የነበረ እውነተኛ ስሕተት ነበር። እኔ ደጋግሜ ባየውም አልታየኝም።

ስልኬን ጠየቁኝ። የመሪጌታውን ቁጥር ደውዬ ሰጠኋቸው። ከሰላምታው በኋላ መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ቀደመው እግር አልነበረም። «ልጄ» አሉት፣ «ከሁለት ሳምንት በፊት በሌለህበት አምቼሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።» ከዚያ ስለ ጽፋቱ ጀመሩ፤ ንግግሩም ሰዓት ፈጀ፤ ሒሳቤም አለቀ።